የአንጎል ሕዋስና ማገዶው

ተማሪዎች፣ ገላጭ ድርሰት ስትጽፉ የተረጋገጠውን ነገር ከተገመተው መለየት ይገባችኋል። በአማርኛ ይህን ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጽ ነው። በ«ነው» እና በ«ሳይሆን አይቀርም» መካከል የብዙ ዓመት ምርምር ሊኖር ይችላል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ማሰሪያ አንቀጾቹንም ልብ በሉ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የአንድ አዋቂ ሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠበት ሰዓት እንኳ ሰውነቱ ከሚጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ይኸው አንጎል ነው። ዋናው ማገዶ ግሉኮስ ሲሆን፣ ኃይሉ በብዛት የሚውለው የነርቭ ሕዋሳት መልእክት እንዲለዋወጡ ነው። ሰው አዲስ ቋንቋ ሲማር በእነዚህ ሕዋሳት መካከል ካለው ግንኙነት አንዳንዱ ይጠነክራል፤ አንዳንዱ ይላላል። አንጎል በልምድ ራሱን የሚለውጥበት ዋናው መንገድ ይህ ነው።

ሌላ መንገድስ አለው? በ1906 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ የሆነው ስፔናዊው ሊቅ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል፣ በአዋቂ አንጎል ውስጥ የሞተ የነርቭ ሕዋስ በሌላ አይተካም ብሎ ጻፈ። ቃሉም ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ተቈጠረ። በ1960ዎቹ ዓመታት ጆሴፍ አልትማን የተባለ ተመራማሪ በአይጦች አንጎል ውስጥ አዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚወለዱ የሚያሳይ ማስረጃ ቢያቀርብም፣ ጆሮ የሰጠው ጥቂት ሰው ነበር።

ዛሬ ግን ለትውስታ በሚያገለግለው፣ ሂፖካምፐስ በተባለው የአይጥ አንጎል ክፍል ግንደ ሕዋሳት መኖራቸው የታወቀ ነው። ግንደ ሕዋስ ማለት ራሱን እያባዛ ሌላ ዓይነት ሕዋስም ሊያስገኝ የሚችል ሕዋስ ነው። አብዛኞቹ ዘወትር አይባዙም፤ ማታ በዐመድ ተዳፍኖ እንደሚያድር ፍም ጸጥ ብለው ይቆያሉ። ታዲያ ፍሙን የሚገልጠው ምንድን ነው? በስዊዘርላንድ አገር፣ በዙሪክ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በመባዛት ላይ ያለ ግንደ ሕዋስ በውስጡ አዲስ ቅባት መሥራት እንደሚያስፈልገው በ2013 አሳዩ። ቅባት የሚሠራውን ኢንዛይም ባጠፉበት ጊዜ የአዳዲስ ሕዋሳት መወለድ ቀነሰ። በ2017 ደግሞ የተዳፈነው ሕዋስ ቅባትን በብዛት እንደሚያቃጥል፣ ይህ ማቃጠል ሲቀንስም መባዛት እንደሚጀምር ገለጹ። እንግዲህ ማገዶው ለሕዋሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ተኛ ወይም ተነሥ የሚል ትእዛዝም ነው። የተወለደው ሕዋስ ወደ ነርቭ ሕዋስነት ሲያድግ ማገዶውን የሚጠቀምበት መንገድ እንደገና ይለወጣል፤ ሚቶኮንድሪያ በተባሉት ክፍሎች ውስጥ በኦክሲጅን ወደ ማቃጠል ያዘነብላል።

በ1999 በካሊፎርኒያ በተደረገ ጥናት፣ በመሮጫ ጎማ ላይ የሮጡ አይጦች ካልሮጡት ይልቅ ብዙ አዲስ የነርቭ ሕዋሳት አስገኙ፤ በመማርም በለጡ። ስለዚህ ከፈተና በፊት መሮጥ ውጤት ያሻሽላል ብላችሁ አትቸኩሉ። ያሻሽል ይሆናል፤ ጥናቱ ግን የአይጥ ነው።

በሰው ላይ ያለው ጉዳይ እስካሁን ያከራክራል። በ1998 የስዊድንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በካንሰር የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው በሂፖካምፐስ ውስጥ አዲስ የነርቭ ሕዋሳት አገኙ። በ2013 ከስቶክሆልም የወጣ ጥናት በእያንዳንዱ ሂፖካምፐስ በቀን 700 ያህል እንደሚወለዱ ገመተ። በ2018 ግን አንድ ቡድን በአዋቂዎች አንጎል ፈልጎ አጣ፤ በዚያው ዓመት ሌላው አገኘሁ አለ። አንጎሉ ከሞት በኋላ ስንት ሰዓት እንደቆየና እንዴት እንደተጠበቀ ውጤቱን ሊለውጥ ስለሚችል ክርክሩ ቀላል አይደለም። በ2025 የስቶክሆልም ተመራማሪዎች በመባዛት ላይ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ምንጮችን በአንዳንድ አዋቂዎች አንጎል ውስጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ።

አሁን እነዚህን አስተያዩ፦

ሀ. በአዋቂ አይጥ አንጎል ውስጥ አዲስ የነርቭ ሕዋሳት ይወለዳሉ።
ለ. በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ አዲስ የነርቭ ሕዋሳት ይወለዳሉ።

በሰዋስው ረገድ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ለ»ን የጻፈ ተማሪ ግን ከማስረጃው አንድ እርምጃ አልፎ ሄዷል፤ «ሳይወለዱ አይቀሩም» ቢል ይሻለው ነበር። ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እናቱ በመርሳት በሽታ የተያዙበት አንባቢ «መድኀኒት ተገኘ» እና «መድኀኒት ይገኝ ይሆናል» የሚሉትን አንድ አድርጎ አያነባቸውም።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ እርግጠኛነትን የሚያሳዩ ሦስት፣ ግምትን ወይም የሌላን ሰው ቃል የሚያሳዩ ሦስት ማሰሪያ አንቀጾች አውጥታችሁ ጻፉ።
2. «አገኙ» እና «አገኘሁ አለ» የሚሉትን አነጻጽሩ። ጸሐፊው በሁለተኛው ለምን «አለ» ጨመረበት?
3. «ማገዶው ትእዛዝም ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአይጥ ጥናት የመጣ መሆኑ እንዲታወቅ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት።