የትምህርት ቤት ምገባ በጀትና የጤፍ ዋጋ፦ በብር ሳይሆን በግራም እንየው

ዛሬ ከዋጋ ወጣ ብለን ስለ አዲስ አበባ የትምህርት ቤቶች በጀት እንማማር። «እኛን የቡናና የእህል ሰዎችን ምን አገባን?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ።

ከተማዋ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ትመግባለች። አሁን ቁርስና ምሳ የሚበሉት ልጆች ከ800 ሺህ በላይ ናቸው። ይሄንን ወደ ኩንታል እንቀይረው። ለአንድ ልጅ እንጀራ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ብንይዝ፣ እንጀራ በሚቀርብበት አንድ ቀን ብቻ 800 ኩንታል ያስፈልጋል። ሁለት ተሳቢ ሙሉ ማለት ነው! እንዲህ ያለ ገዢ ገበያ ውስጥ እያለ በጀቱን አለማየት፣ ለእኔ፣ የጅማን ዝናብ ሳያዩ ቡና እንደመግዛት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። (ለምሳሌ የያዝኩት ነው፣ የዛሬ ዋጋ አይደለም።) ኩንታሉ 12,000 ብር ሲሆን የልጁ 100 ግራም 12 ብር ነው። ኩንታሉ 15,000 ሲገባ ያው 100 ግራም 15 ብር ይሆናል። 3 ብር ምን አላት ትሉ ይሆናል። በ800 ሺህ ልጅ ስታባዟት በቀን 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ናት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለ36 ሳምንት ብናሰላው ደግሞ 172 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይመጣል።

ይሄ ብር ካልተጨመረስ? በጀቱ «ለአንድ ተማሪ በቀን ይህን ያህል ብር» ተብሎ ስለሚያዝ ወረቀቱ ላይ ምንም አልተቀነሰም። ሳህኑ ላይ ግን በ12 ብር የሚገኘው ዱቄት 80 ግራም ሆኗል። ማንም ስብሰባ ተቀምጦ «የልጆቹን እንጀራ በአንድ አምስተኛ እንቀንስ» ብሎ አልወሰነም፤ ገበያው ወሰነላቸው። ጣጣው መጀመሪያ የሚወድቀው ተደራጅተው በሚያበስሉት እናቶች ላይ ነው። ወይ እንጀራውን ያሳሳሉ፣ ወይ ከድካማቸው ዋጋ ይቀንሳሉ።

ኑሮ ሲጠብቅ በትምህርት በጀት ውስጥ የሚጎዳው ሁልጊዜ ይሄ ክፍል ነው። ትልቁ ድርሻ የመምህራን ደመወዝ ነው፤ እሱ አይነካም፣ መነካትም የለበትም። ስለዚህ የሚጨመቀው መጽሐፉ፣ ጥገናውና ምግቡ ነው።

ሌላው የወቅት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ዩኒየኖች በደንብ አንብቡልኝ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ትምህርት መስከረም ይከፈታል። አዲሱ ጤፍ ገበያውን የሚያረጋጋው ግን ከኅዳር ወዲህ ነው። ማለትም ትልቁ ገዢ ወደ ገበያ የሚወጣው እህል በሚወደድበት ሰዓት ነው! ጥርና የካቲት ላይ በቀጥታ ከዩኒየን ጋር ውል ገብቶ፣ እስከ ቀጣዩ ኅዳር ድረስ በየወሩ ቢረከብ ለሁለቱም ይበጃል። ዩኒየን ግን ባዶ እጁን እህል ይዞ አይጠብቅም። ቅድመ ክፍያና ክፍያው የሚለቀቅበት ቀን ውሉ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ፣ የኔ ምክር፣ አትፈርሙ።

ኤክስፖርተሮች፣ እናንተም አላችሁበት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ለቡናችን ጥሩ ነበር። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ግን የሚገዛው በዚያው ዶላር ነው፤ የትምህርት ቤቱም ወጥ የሚሠራው በዚያው ዘይት ነው።

ልጅ ያላችሁ ወላጅ መምህር ኅብረት ላይ ተገኙ። ስትገኙም «በጀቱ ስንት ብር ጨመረ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁልጊዜ ጨምሯል ነው መልሱ። ለአንድ ልጅ ስንት ግራም እህል፣ ስንት ግራም ሽሮ፣ ስንት ሚሊ ሊትር ዘይት ተይዟል? ዋጋው የተሰላው በየትኛው ወር ገበያ ነው? እህል በዓመቱ መሃል ቢንር ልዩነቱን ማን ይሸፍናል? ሦስተኛውን ስትጠይቁ አዳራሹ ዝም ሊል ይችላል፤ ደግማችሁ ጠይቁ።

የየዩኒየናችሁን ልምድ በውስጥ መስመር ላኩልን፣ በተለይ የክፍያ መዘግየትን በተመለከተ። ነገ ጠዋት የታጠበና ደረቅ ቡና ዋጋ ይዘን እንገናኛለን።