«ኮንፊዩዝ» እና «ግራ መጋባት»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ግሥ አገባብና የአማርኛ አቻዎቹ

«ኮንፊዩዝ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ አቻ የተጠየቀ አማርኛ ተናጋሪ ብዙም ሳያመነታ «ግራ አጋባ» ይላል። ፍቺው ስሕተት የለበትም፤ ችግሩ የሚጀምረው ቃሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ነው። የእንግሊዝኛው ግሥ የሰውን የአእምሮ ሁኔታም፣ የነገሮችን መቀላቀልም፣ አንዱን በሌላው መሳትንም በአንድ ቃል ይገልጻል። አማርኛ ግን እነዚህን በተለያዩ ግሦች ይከፋፍላቸዋል። መጠይቅ የሚተረጉም ተመራማሪ ወይም የሕመምተኛን ሁኔታ የሚመዘግብ ባለሙያ ይህን ክፍፍል ካላስተዋለ የሚሰበስበው መረጃ ከመነሻው የተዛባ ይሆናል።

ቃሉ የመጣው ከላቲኑ «ኮንፉንዴሬ» ሲሆን ጥሬ ፍቺው «አንድ ላይ ማፍሰስ» ነው። በእንግሊዝኛ አስቀድሞ የታወቀው «ኮንፊዩዝድ» የሚለው ቅጽል ነው፤ ግሡ ከእርሱ በኋላ የወጣ ነው። ከዚያው ሥር የተገኘው «ኮንፋውንዲንግ» በስታቲስቲክስ የሁለት ምክንያቶች ውጤት ተቀላቅሎ አልለይ ማለቱን ያመለክታል። በዚህ አጠቃቀም ግራ የተጋባ ሰው የለም። የማሽን ትምህርት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት «ኮንፊዩዥን ማትሪክስ»ም እንዲሁ ነው። ሠንጠረዡ የሚቆጥረው አንድ ሞዴል የትኛውን መደብ በየትኛው እንደሳተ ነውና «የግራ መጋባት ሠንጠረዥ» ማለት ማሽኑን የማይሰማው ስሜት ባለቤት ያደርገዋል። «የመምታታት ሠንጠረዥ» ቢባል ከሐሳቡ ጋር ይበልጥ ይስማማል።

በሰው ላይ ሲነገር ልዩነቱ ይረቅቃል። አማርኛ መረዳትንም አለመረዳትንም የሚገልጸው በአንድ ግሥ ነው፦ «ገባኝ» እና «ግራ ገባኝ»። በሁለቱም ሰውየው የግሡ ባለቤት አይደለም፤ በተሳቢ ቅጥያው በ«-ኝ» ብቻ ይታያል። ነገሩ ወደ እርሱ ይገባል፤ እርሱ ተቀባይ ነው። የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ግን ሰውየውን ባለቤት አድርጎ «ኮንፊዩዝድ» በሚለው ቅጽል ይገልጸዋል። በተማሪዎች ጽሑፍ «ኮንፊዩዝድ» በሚያስፈልግበት ቦታ «ኮንፊዩዚንግ» ሲገባ ዐረፍተ ነገሩ ይገለበጣል፤ ግራ የገባው ጸሐፊ ሌሎችን ግራ የሚያጋባ ሆኖ ይቀርባል።

አንዱን ከሌላው አለመለየት ሲታሰብ ደግሞ ጥያቄው የኃላፊነት ይሆናል። አንድ ምስክር ሁለት ቀኖችን «ኮንፊዩዝ» አደረገ የሚል የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ስለ ሰውየው ፈቃድ የሚናገረው ነገር የለም። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ተርጓሚው መምረጥ ይኖርበታል። «ምስክሩ ቀኖቹን አምታታ» ከተባለ ጥርጣሬ ይገባል፤ «አምታች» የሚባለው አታላይ ነውና። «ቀኖቹ ተምታቱበት» ሲባል ባለቤቶቹ ቀኖቹ ናቸው፤ ምስክሩ በ«-በት» ቅጥያ ነገር የደረሰበት ሰው ሆኖ ይታያል። «ተወናበደ» ቢባል ደግሞ ከበስተጀርባ ያወናበደው ሌላ ሰው ይታሰባል። መነሻው ቋንቋ ያልተናገረውን ውንጀላ ወይም ነጻነት አንዲት ቅጥያ ልትጨምር ትችላለች፤ በፍርድ ቤት ትርጉም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሕክምናው አጠቃቀም ነው። ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት የግላስጎው የኮማ መለኪያ የንግግር ምላሽ እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። ማንነቱን፣ ያለበትን ቦታና ጊዜውን በትክክል የሚናገር ሕመምተኛ 5 ያገኛል፤ በዐረፍተ ነገር እየተናገረ እነዚህን የሚስት «ኮንፊዩዝድ» ተብሎ 4 ያገኛል። የሳንባ ምችን ክብደት ለመመዘን በሚያገለግለው «ከርብ-65»ም ከአምስቱ መስፈርቶች አንዱ «ኮንፊዩዥን» ነው።

እዚህ ላይ «ግራ መጋባት» አቻ መሆኑ ያበቃል። በተለመደው አማርኛ ግራ የገባው ሰው ግራ መግባቱን ያውቃል፤ ስለዚህም ይጠይቃል፣ ያማክራል፣ ይጨነቃል። በሕክምናው ትርጉም «ኮንፊዩዝድ» የሆነ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። አንድ አዛውንት «ግራ ገብቶዎታል?» ተብለው ቢጠየቁ፣ አእምሯቸው ንቁ ሆኖ ለምን እንደተኙ ያልተነገራቸው ከሆነ «አዎን» ማለታቸው የተገባ ነው። ሆስፒታሉን ቤታቸው አድርገው የሚያስቡት አጠገባቸው የተኙት ሌላ አዛውንት ግን «ኧረ ምንም አልሆንኩ» ይላሉ። መጠይቁ ጤነኛውን ይመዘግባል፤ ታማሚውን ያልፋል። «መቃዠት» ከቅዠትና ከትኩሳት ጋር ስለሚያያዝ፣ «መዘላበድ» ደግሞ የነቀፋ ቃና ስላለው፣ ሁለቱም ቦታውን በሚገባ አይሞሉም። የተሻለው መንገድ አንድ ቃል ፍለጋን ትቶ ምልክቱን መግለጽ ነው፦ ቦታን፣ ጊዜንና ሰውን መለየት አለመቻል። አስታማሚውንም «ንግግራቸው ከወትሮው ተለይቶብዎታል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ቃሉ በጥንቃቄ ቢተረጎም እንኳ ጊዜን የሚመለከተው ጥያቄ ሌላ ወጥመድ አለበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱ ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ያንሳል፤ ሰዓቱም ከጠዋት ስለሚቆጠር በሌላው አገር 9 ሰዓት የሚባለው በአማርኛ 3 ሰዓት ነው፤ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ናት። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሆስፒታል የተኙ ኢትዮጵያዊት እናት ዓመተ ምሕረቱን ተጠይቀው በለመዱት አቆጣጠር ቢመልሱ፣ አስተርጓሚውም ቁጥሩን ብቻ እንዳለ ቢያሻግር፣ 5 የሚገባው ምላሽ 4 ሆኖ ይመዘገባል።