የዶሮ እንቁላል ያልተስማማው ልጅ የድርጭት ይስማማዋል?

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ እንቁላል ሲበላ ፊቱ ሽፍ ይልበታል፣ ከንፈሩም ያብጣል። ጎረቤቶቼ «የድርጭት እንቁላል ስኳሩ ከዶሮው ስለሚለይ አለርጂ አያመጣም፤ እሱን ስጪው» ይሉኛል። እውነት ነው?
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስኳሩ እንደሚለያይ እውነት ነው። በእንቁላሉ ነጭ ክፍል ያሉ አብዛኞቹ ፕሮቲኖች የስኳር ሰንሰለት ተሸክመዋል፤ ሰንሰለቱም ከወፍ ወፍ ይለያያል። ለምሳሌ በርግብ እንቁላል ፕሮቲኖች ላይ ሁለት የጋላክቶስ ሞለኪውሎች በተለየ አኳኋን ተያይዘው ይገኛሉ፤ የዶሮው ይህ የለውም።

የልጅዎን ሰውነት የሚያስቆጣው ግን በዋናነት ፕሮቲኑ ራሱ ነው። ዋነኛው ኦቮሙኮይድ ይባላል፤ መቀቀልም በቀላሉ አይበግረውም። የድርጭት፣ የዳክዬና የዝይ ፕሮቲኖች ከዶሮው ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ለአንዱ የተቆጣ ሰውነት ለሌላውም ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ሳያማክሩ የድርጭቱን እንዳይሞክሩ አደራ እላለሁ።

ኬክ፣ ብስኩትና ማዮኔዝ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ዶሮ ወጥ ሲሠራም እንቁላሉን ከሳህኑ ማንሳት ብቻ አይበቃም፤ ተተልትሎ ከመግባቱ በፊት የልጅዎን ድርሻ ቀድመው ይቀንሱ።

የሕፃናት ወይም የአለርጂ ሐኪም በቆዳ ወይም በደም ምርመራ ያጣራልዎታል። ብዙ ልጆችን እያደጉ ሲሄዱ አለርጂው ይተዋቸዋል፤ መልሶ መሞከር የሚገባው ግን በሐኪም ክትትል ነው። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከዛለ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።