የፈተልኩትን ጋቢ ገበያ ላይ አየሁት

«ይድረስ ለእትዬ፦ የምኖረው አጋሮ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ከእናቴ የወረስኩት ሙያ ቢኖር መፍተል ነው። ዘመድ ሲዳር፣ ጎረቤት ስትወልድ፣ የንስሐ አባቴ ሲታመሙ ጋቢ እሰጣለሁ። ገንዘብ ተቀብዬ አላውቅም። የባለቤቴ እህት ሊሙ ገነት ነው የምትኖረው፤ ከባሏ ጋር ቡና አላቸው። አራስ ሳለች የወሰድኩላት ጋቢ ማታ ማታ ዓይኔ እስኪቀላ የፈተልኩት ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለሐሙስ ገበያ ጅማ ገብቼ አንድ ነጋዴ ትከሻ ላይ አየሁት። ጥለቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የእጄን ፈትልም አልስተውም። ለባለቤቴ ብነግረው ‹ከሰጠሽ በኋላ ምን አገባሽ?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንዝርት መንካት አስጠልቶኛል። በዚህ ላይ የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ‹የአንቺ እጅ ነው የሚያምረው› ብለው የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ጭነውብኛል። እምቢ ብል እግዚአብሔርን እምቢ ያልኩ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?
እንዝርቷን የጣለች፣ ከአጋሮ»

እህቴ፣ ባልሽ ያለው እውነት ነው፤ የተናገረበት ሰዓት ግን አይደለም። ፈትሎ የማያውቅ ሰው ጋቢ ከሸማኔ ቤት የሚጀምር ይመስለዋል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው መውጣት አለበት፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው አመልማሎ ይሆናል፤ ከዚያ እንዝርቱ እየሾረ ልቃቂቱ ቀስ በቀስ ይወፍራል። ድሩን ዛሬ ብዙዎቻችን የፋብሪካ ክር ብናደርገውም ማጉ የእጅ ነው፤ ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ስለሆነ የሚበላው ማግ ከነጠላ ጋር አይወዳደርም። ያንን ሁሉ ማታ የማታውቂው ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ስታዪው ሆድሽ ቢባባ አልፈርድብሽም።

ግን አንድ ነገር ጽፈሽ ሳታዪው አልፈሻል፤ ወሩን። አንቺ የደመወዝ ሰው ነሽ፤ ነሐሴም ሆነ ኅዳር ወሩ ሲሞላ ትቀበያለሽ። ቡና ያለው ቤት እንዲህ አይኖርም። እሸት ቡናው ቀልቶ ብር የሚታየው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ጀንፈል አድርቆ ያስቀመጠ ትንሽ ይገፋል። ነሐሴ ላይ የአምናው ብር አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። ደብተርና ዩኒፎርም በር ላይ ቆመዋል፤ ሕፃን ከታመመም የሚታመመው በዚያው ዝናብ ነው። ያን ጊዜ ያለው መንገድ ወይ ባልደረሰ ቡና ላይ ከነጋዴ ብር ተበድሮ በኋላ በርካሽ ማስረከብ ነው፣ ወይ ከቤት ዕቃ ማውጣት። ከቤት ምን ይውጣ? ከቻይና የመጣው ብርድ ልብስ አንዴ ከላስቲኩ ከወጣ ማን ይገዛዋል? የእጅ ፈትል ጋቢ ግን ገዢ አያጣም። የባልሽ እህት ጋቢውን የሸጠችው ንቃው ነው ለማለት እኔ አልቸኩልም። ቡናው ሳይደርስ በርካሽ እንዳይሄድ ያደረገው ያንቺ ጋቢ ሊሆን ይችላል።

እንዲያው ለነገሩ፣ እኔን ከተሸጠ ጋቢ ይልቅ የተቆለፈበት ያናድደኛል። «ለክብር ነው» ተብሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና፣ በእኛ አገር ክረምት እርጥበት ሻጋታ ያወጣል። የተሸጠው ቢያንስ አንድ ሰው ያሞቃል።

ስለዚህ ሊሙ ስትሄጂ «ጋቢው የት ገባ?» አትበያት። እሱ ምርመራ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ «ክረምቱን እንዴት አለፋችሁት?» በያት። የምትነግርሽ ካለ ከዚያው ይወጣል። ምናልባት ችግር አልነበረም፣ ጋቢ አትወድም ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ለሚቀጥለው አራስነቷ ቅቤ ይዘሽላት ሂጂ፤ ቅቤ ገበያ ላይ አይታወቅም።

ገንዘብ አለመቀበልሽን በኩራት ጽፈሽዋል። መልካም ነው፤ ነገር ግን የፈተልሽው መሸጡ እንደ ውርደት አይታይሽ። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ድሆች ጥቁር ሴቶች ካረጀ ልብስ ቁርጥራጭ ለቤተሰባቸው የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ማኅበር አቋቁመው ያንኑ ኒው ዮርክ ድረስ ልከው ሸጡ። ለልጆቻቸው መስፋታቸውን ግን አልተዉም።

ወደ መጋረጃው ልምጣ። እዚህ ላይ የያዘሽ ይሉኝታ ነው። ያዘዙሽ እግዚአብሔር ሳይሆን የማኅበርሽ ሴቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እጅሽን አሞግሰው የራሳቸውን እጅ አሳርፈዋል። መጋረጃውን እምቢ አትበይ፤ ብቻዬን የሚለውን እምቢ በይ። ጥጡን ማኅበሩ ይግዛ፣ አመልማሎው ለሁሉም ይከፋፈል፣ መፍተል የማትችል ለሸማኔው ዋጋ ታዋጣ። «የብዙ ሰው ፈትል ጨርቁን ያበላሻል» ይሉሽ ይሆናል። ሐሰት አይደለም፤ ቀጭኑና ወፍራሙ ማግ እየተቀላቀለ ከገባ ጨርቁ መስመር መስመር ይሠራል። የአንቺ ሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ልቃቂቱን ሁሉ ሰብስበሽ በጣትሽ እየዳሰስሽ ቀጭኑን ለብቻ፣ ወፍራሙን ለብቻ ለዪው። መጋረጃ ተገጣጥሞ ስለሚሰፋ፣ ቀጭኑ ፊት ለፊት ለሚታየው፣ ወፍራሙ ለጎኑ ይሁን ብለሽ ለሸማኔው ንገሪው።

ለጥምቀት እናድርስ ካሉሽ ግን አትስማሚ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግማሾቹ ሴቶች ቡና ለቀማ ላይ ናቸው፤ ያኔ አመልማሎው ተመልሶ ወደ አንቺ ቤት ይመጣል። ለትንሣኤ በሉ። ሸማኔውም በዓል ሲቃረብ ሥራ ይበዛበታልና ሁዳዴ ሳይገባ አነጋግሪው፤ ቀብዱን ከማኅበሩ ሙዳይ እንጂ ከቦርሳሽ እንዳትከፍዪ።