ቀን ሥራ፤ ንጋት ጥናት

ከእኛ መካከል ቀን በመሥሪያ ቤት የሚውሉ፥ ማታ በትምህርት ክፍል የሚያመሹ ብዙዎች ናቸው። ከነዚሁም ውስጥ ወደ ውጭ አገር ሄደው በንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ለማግኘት የሚያስቡ አሉ። አሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ጂማት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ውጤት ይጠይቃሉ። ሰውየው ሥራውን ለቆ እንዳያጠና ደመወዙን የሚጠብቁ እናት፥ ታናሽ ወንድምና የቤት ኪራይ አሉበት፤ ሥራውን ይዞ እንዳያጠና ደግሞ ማታ መጽሐፉን ሲገልጥ ዓይኑ ይከደናል። ይህን የምጽፈው ለእንዲህ ያለው ወንድም ወይም እኅት ነው። አሳቤም አንድ ነው፤ ይኸውም ለሠራተኛ ተማሪ ከሰዓት ይልቅ የሚያንሰው ያልደከመ አእምሮ ነው።

በመጀመሪያ ፈተናውን እንወቀው። ይህ ፈተና በአሜሪካ በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሌላ ስም ተጀመረ፤ ጂማት የተባለው በ1976 ነው። ዛሬ የሚሰጠው አዲሱ ቅርጽ በ2023 መጨረሻ ወጣ፤ የቀድሞውም በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ቀረ። ስለዚህ ከታላላቆቻችን የወረስነው መጽሐፍ የጂኦሜትሪ ጥያቄ፥ የዓረፍተ ነገር እርማትና ድርሰት ቢኖርበት እነዚህ ሦስቱ ከፈተናው እንደ ወጡ ማወቅ ያስፈልጋል። በማይጠየቅ ነገር ላይ ሌሊት መንቃት ከኪሳራ ሁሉ የከፋ ነው።

አሁን ፈተናው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ለእያንዳንዱም 45 ደቂቃ ተሰጥቶታል። የሒሳቡ ክፍል 21 ጥያቄ፥ የቋንቋው ክፍል 23 ጥያቄ፥ የመረጃ ትንተናው ክፍል 20 ጥያቄ አለው። ጠቅላላ ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ነው፤ ሦስቱም ክፍሎች እኩል ይመዘናሉ። ስለዚህ በአሮጌው መጽሐፍ ብዙ ቦታ ያልተሰጠው የመረጃ ትንተና የውጤቱ አንድ ሦስተኛ መሆኑን አንርሳ። በሒሳቡ ክፍል የሒሳብ ማሽን አይፈቀድም፤ በመረጃው ክፍል ግን በኮምፒዩተሩ ላይ ይገኛል።

ፈተናው የሚለካው የዕውቀትን ብዛት ብቻ አይደለም። አንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ነጋዴ ቡናና ስኳር በድምሩ 40 ኩንታል ገዛ። የገዛው ቡና ስንት ኩንታል ነው? አንደኛው መረጃ፦ ቡናው ከስኳሩ በ8 ኩንታል ይበልጣል። ሁለተኛው መረጃ፦ ቡናው የስኳሩን አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል። ጥያቄው ግን መልሱን አውጡ አይልም፤ መልሱን ለማወቅ የትኛው መረጃ ይበቃል ይላል። የደከመ ሰው እርሳሱን አንሥቶ ያሰላል፤ 24 ኩንታል መሆኑንም ያገኛል፤ ጊዜውም ያልፋል። የነቃ ሰው ግን እያንዳንዱ መረጃ ለብቻው እንደሚበቃ ስሌቱን ሳይጨርስ ያያል። ይህን ዓይነት ማስተዋል ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ፥ ስምንት ሰዓት ሠርቶና ሁለት ሰዓት ተምሮ ለገባ ሰው ማግኘት አይቻልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፤ ከባዱን ጥናት ወደ ንጋት ማዛወር ነው። ማታ በ4 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሣ ሰው ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያገኛል፤ ወደ ሥራ ከመሄዱም በፊት ማንም የማይነካው አንድ ሰዓት አለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ሰዓት ይሆናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ቢጨመር በሳምንት ስምንት ነው። በ15 ሳምንት 120 ሰዓት ይሞላል። ማታ ክፍል ያለው ሰው በ4 ሰዓት መተኛት ካልቻለ ክፍል በሌለበት ማግስት ይነሣ፤ ሳምንቱንም ያርዝም እንጂ እንቅልፉን አያሳጥር። እሑድን ለዕረፍትና ለዘመድ መተው ስንፍና አይደለም፤ ካላረፉ እስከ መጨረሻው አይደረስምና።

ሁለተኛ፤ የስሕተት ደብተር መያዝ ነው። አንድ ደብተር ገዝቶ በየገጹ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ የተሳሳትኩት ጥያቄ፤ የተሳሳትኩበት ምክንያት፤ ትክክለኛው መንገድ፤ እንደገና የሠራሁበት ቀን። ምክንያቱን ሲጽፉ «ከብዶኝ ነው» ማለት አይበቃም። ሕጉን ስለማላውቅ ነውን? ጥያቄውን በችኮላ ስላነበብኩ ነውን? ስሌት ስለ ተሳሳትኩ ነውን? ወይስ ጊዜ ስላለቀብኝ? የአራቱ መድኃኒት የተለያየ ነው። በታክሲ ወረፋና በምሳ ዕረፍት አዲስ ትምህርት መጀመር አይቻልም፤ ይህን ደብተር ማንበብ ግን ይቻላል። የመሥሪያ ቤቱን ሰዓት ግን አንስረቅ፤ ደመወዝ የምንቀበልበት ነውና።

ሦስተኛ፤ ለቋንቋው ክፍል ያነበቡትን በአማርኛ ማስረዳት ነው። አንዱን የእንግሊዝኛ ምንባብ ካነበቡ በኋላ መጽሐፉን ዘግተው ጸሐፊው ምን እንዳለና በምን እንደ ደገፈው በሁለት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። መናገር ካቃተ ቃላቱን አየን እንጂ ነገሩ አልገባንም ማለት ነው። ለምሳሌ «ሱቁ ዋጋ ቀነሰ፤ ሽያጩም ጨመረ፤ ስለዚህ ሽያጩን የጨመረው የዋጋው መቀነስ ነው» ቢባል፥ ጎረቤቱ የነበረው ሌላ ሱቅ በዚያው ወር መዘጋቱ ክርክሩን ያዳክመዋል። ጉድለቱን በአማርኛ ያየ ሰው በእንግሊዝኛም አያጣውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ይህን ልምምድ ቅዳሜ ሁለትና ሦስት ሆኖ መሥራት ይጠቅማል።

አራተኛ፤ መተውን መማር ነው። በሒሳቡ ክፍል 15 ደቂቃ ሲያልፍ 7 ጥያቄ፥ 30 ደቂቃ ሲያልፍ 14 ጥያቄ መሠራት አለበት። በአንዱ ጥያቄ ላይ አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው የሁለት ጥያቄዎችን ጊዜ በላ። ያልተመለሰ ጥያቄ ውጤት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ገምቶም ቢሆን ማለፍ ይሻላል። ምልክት አድርጎ መመለስ ይቻላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ መቀየር የሚፈቀደው ግን እስከ ሦስት መልስ ብቻ ነው። ደግሞም ኮምፒዩተሩ በትክክል ለመለሰ ሰው ከበድ ያለውን ያመጣል፤ ስለዚህ ጥያቄው ሲከብድ ወደቅሁ ብሎ መደንገጥ አይገባም። ምናልባት የበጎ ሥራ ምልክት ይሆናልና።

ስለ ምዝገባም ጥቂት እንጨምር። በምዝገባው ላይ የሚጻፈው ስም በፈተናው ቀን ከሚቀርበው መታወቂያ ጋር በፊደል ሳይቀር መስማማት አለበት። የአባትና የአያት ስም በእንግሊዝኛ በየጊዜው በተለያየ ፊደል ለምንጽፍ ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፈተናውን የወደቀበት ሰው ከ16 ቀን በኋላ እንደገና ሊቀመጥ ይችላል፤ በ12 ወር ውስጥ ግን ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። ውጤቱ ለአምስት ዓመት ይጸናል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሥራ ልምድ ስለሚፈልጉ፥ ዛሬ ተፈትኖ ሁለትና ሦስት ዓመት ሠርቶ ማመልከት ይቻላል። የመጀመሪያው ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በመስከረም ገደማ ነው፤ ስለዚህ በየካቲት የጀመረ ሰው ለሁለተኛ ሙከራ የሚሆን ጊዜ ይተርፈዋል። ከሁሉ በፊት ግን የሚፈልጉት ትምህርት ቤት ፈተናውን መጠየቁን ይመልከቱ፤ ሌላ ፈተና የሚቀበሉም ጨርሶ የማይጠይቁም አሉ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እንቁላሉ ሙቀት የሚያገኘው እናቲቱ በየቀኑ ስትታቀፈው ነው። በሳምንት አንድ ሌሊት ሲነጋ ድረስ ተቀምጦ ስድስቱን ቀን መርሳት መታቀፍ አይባልም። ፈተናው የሰውን ዋጋ አይለካም፤ ቤተሰቡን እየረዳ የሚማር ሰው ዋጋው ከቍጥር በላይ ነው። ነገር ግን በሩን የሚከፍተው ያው ቍጥር ስለ ሆነ፥ ለቀጣሪው ከመስጠታችን በፊት የቀኑን የመጀመሪያ ሰዓት ለራሳችን እናስቀር። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንጀምር።