እየቆጠሩ መሮጥ እና እየተጫወቱ መሮጥ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሩጫ ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም እንረሳዋለን። እኔ ለምሳሌ ትጥቄን ባጠበቅኩ ቁጥር እስኪያልበኝ ሳይሆን እስኪያስለኝ ነበር የምሮጠው። በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥሜን አሞኝ ተውኩት።

በክረምቱ እረፍት ሰቆጣ ቤተሰብ ጋ ስገባ እንደገና ልጀምር ብዬ ስለ ዝግታ ሩጫ ማንበብ ያዝኩ። ዶክተር ፊል ማፌቶን የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፤ ከ180 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው። የ21 ዓመት ልጅ 159 ይደርሰዋል ማለት ነው። ልብ በደቂቃ ከዚያ በላይ እንዳትመታ እየተጠነቀቁ መሮጥ። ታሞ የከረመ ወይም ጉዳት ያለበት ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል። ስሌቱ ግምት ስለሆነ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። ቢሆንም ምክንያቱ አሳማኝ ነው፤ በዝግታ ሲሮጥ ሰውነት ስብን ለጉልበት መጠቀም ይለምዳል፣ በጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፣ ልብም በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይጨምራል። ከወራት በኋላ በዚያው የልብ ምት የተሻለ ፍጥነት ይገኛል።

የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ከየት ይምጣ? ቆም ብሎ ሁለት ጣት አንገት ላይ አሳርፎ ለ10 ሴኮንድ መቁጠርና በ6 ማባዛት ነው። 26 ከሆነ 156፣ 27 ከሆነ 162፤ አለፈ ማለት ነው። ምቱ ቶሎ ስለሚወርድ እንደቆሙ ወዲያው መቁጠር ያስፈልጋል።

ችግሩ ሰቆጣ ሰቆጣ መሆኗ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ኦክስጅኑ ስስ ስለሆነ ልብ ለዚያው ፍጥነት አብዝታ ትመታለች። ሜዳ ደግሞ የለም! ዳገቱን በሶምሶማ ገና ስጀምር 30 ይሆናል፤ ስለዚህ እራመዳለሁ። ጭቃው ላይ ቆሜ አንገቴን ይዤ ስቆጥር ያዩኝ እረኞች «ጋሼ፣ አንገትህን አመመህ እንዴ?» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆንኩ። ሰውነቴ አልደከመም፤ ሩጫውን ግን ጠላሁት። ለሁለተኛ ጊዜ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ ቀን አብሮ አደጌ «አብረን እንውጣ» አለኝ። እሱ ምንም አይቆጥርም። እያወራን ሮጥን፤ ዓረፍተ ነገሬን መጨረስ ሲያቅተኝ ዝግ ይላል። ሜዳማው ላይ ስቆጥር 25 ነበር። ዳገቱ ላይ 28 ሆነ፤ ዝም አልነው።

ነገሩ ለካ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች መጽሐፍ ያሳተመው ከብሪታንያ የመጣው ተመራማሪ ማይክል ክራውሊ ከአንድ ዓመት በላይ ከእነሱ ጋር ሮጧል። በቀላል ልምምድ ቀን ተከታትለው፣ የፊተኛውን እግር እያዩ፣ በባሕር ዛፍ መሐል እየተጠማዘዙ በጣም በዝግታ እንደሚሮጡ ይተርካል። መጠማዘዙ ራሱ ጨዋታ ነው፤ እግር ያርፋል፣ ዓይን አይሰለችም። በእኔ ግምት ቁጥሩ ብቻውን ያልሰጠኝ ይሄንን ነው።

ከዚያ በኋላ ቆጠራውን ለቅዳሜ ብቻ አስቀረሁት፤ ያቺኑ መንገድ፣ ከ159 ሳላልፍ። ሌላውን ቀን ወሬ ነው፤ አንዱን ቀን ደግሞ ልቤ ደስ እንዳላት። በመጀመሪያው ቅዳሜ 41 ደቂቃ የፈጀችው መንገድ ወደ ኮሌጅ ልመለስ ስል 38 ደቂቃ ሆነች። ዳገቷ ላይ ግን በመጨረሻው ቀንም 28 ነበር።