ያለ ንግግር ቴአትር፤ ከአካልና ከትዝታ ተነሥቶ ስለ ማዘጋጀት

በአገራችን ቴአትር ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ንግግር ነው። ደራሲው ይጽፋል፣ ተዋናዩ ቃሉን ያጠናል፣ ተመልካቹም አነጋገሩን እያደነቀ ይሰማል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ግን አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ሳይኖር ከተሳታፊዎቹ አካልና ትዝታ ተነሥቶ የሚሠራውን ቴአትር ነው። ይህን ለመምረጥ ምክንያት አለን። ብዙዎቻችን በካርቱም ሳለን በአንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎች አብረን እንኖር ነበር፤ የጎረቤቶቻችን ቋንቋ ደግሞ ዐረብኛ ነው። ተውኔቱ በአንዱ ቋንቋ ብቻ ከተዘጋጀ ከተመልካቹ ብዙው ሳይገባው ይሄዳል። ውኃ የተሸከመ ትከሻ ግን አስተርጓሚ አያሻውም።

ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1971 ታስሮ ከተፈታ በኋላ ከአገሩ ተሰደደ። በ1973 በፔሩ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ሲሠራ ያገኛቸው ሰዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተለያየ ነበር። ስለዚህ ኑሯቸውን በቃል ከማስረዳት ይልቅ በአካላቸው እንደ ሐውልት ቀርጸው እንዲያሳዩ ያደርግ ጀመር። ወደ እኛ አገር ስንመጣ ደግሞ እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ በካርል ኦርፍ ሙዚቃ፣ በ«ካርሚና ቡራና»፣ መድረክ ላይ አወጣቸው። ከእነርሱ መካከል የተመረጡት ለዓመታት ሠልጥነው «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቴአትር ቡድን ሆኑ። የቡድኑ አባል የነበረው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 ከጃፓናዊው የዳንስ ባለሙያ ከሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመርጧል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ድንጋይና እሾሁ የተለቀመ መሬት፣ ወይም ከክፍል ሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ዳስ ይስማማል። ሴቶችና ወንዶች አብረው መሥራት ከከበዳቸው ለየብቻ ይጀምሩ፤ ሥራው አይበላሽም።

መሪው «ያሳለፋችሁትን ንገሩን» ብሎ አይጀምር። «በየቀኑ በእጃችሁ ትሠሩት የነበረ አንድ ሥራ አሳዩን» ይበል። ለምሳሌ በካርቱም መንገድ ዳር ቡና ትሸጥ የነበረች እህት አለች እንበል። ቡናውን ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ ታነሣለች፣ ትቀዳለች፤ ሁሉንም በባዶ እጅ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ መሥራት ያስፈልጋል። እጇ የጀበናውን ክብደት ማወቅ አለበት። ሲሞላና ሲጎድል ክንዷ አንድ ዓይነት ከሆነ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። ከዚያ ሦስት እንቅስቃሴ ብቻ ትምረጥ፤ ደጋግማ ትሥራ፤ ቀጥሎም እጅግ አዝግማ ትሥራ። ሌሎቹ ከኋላዋ ሆነው ይቅዷት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። እየቀዳች ሳለ ሱዳኖች «ከሻ» የሚሉት የፖሊስ አፈሳ መምጣቱን ሰማች። እጇ መቅዳቱን አያቋርጥም፤ አንገቷ ግን ዞሯል። በአንድ አካል ውስጥ ሁለት ነገር ሲኖር ቴአትሩ ያን ጊዜ ይጀምራል። ዐሥር ሰው ይህንኑ በአንድነት ሲሠራው በካርቱም የኖረ ሁሉ ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። የድንበሩን ሌሊት፣ ወይም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተነሣውንና ብዙዎችን እንደገና ያሰደደውን ጦርነት መነሻ አታድርጉ። አካል ሳይጠሩት እዚያ የሚደርስበት ጊዜ አለና። የአንዱ ትንፋሽ ቢያጥር፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ ወይም ያለ ምክንያት ቢስቅ መሪው ሥራውን ያቁም። ሁሉም ይቀመጥ፤ እግሩ መሬት መንካቱን ልብ ይበል፤ በዙሪያው የሚያየውን በስም ይጥራ፤ ውኃ ይጠጣ። በሰው ፊት «ምን ትዝ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ጭንቀቱ ካልለቀቀው ወደ ጤና ሠራተኛ ይወሰድ።

እንቅስቃሴው የባለቤቱ ነው። ራሱ ሊሠራው፣ ለሌላ ሊሰጠው፣ በትርኢቱ ዕለት ጧት እንኳ «ይቅር» ሊል ይችላል። ምክንያት አይጠየቅም። እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ የሚያስለቅስ ነገር እንዲጨመር የሚፈልግ አይጠፋም። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን፤ የሰው መከራ ለእንግዳ የሚቀርብ መስተንግዶ አይደለም።

የተገኙት ቁርጥራጮች በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል መሰለፍ የለባቸውም። ከቡናው ቀጥሎ የሚሰፋ ሸማ፣ ከዚያም የጭነት መኪና ላይ ተጠጋግቶ መቀመጥ ሊመጣ ይችላል። ሙዚቃ በመጨረሻ ይግባ። ወጣቶቻችን ከበሮ ሲሰሙ ሁሉን ነገር እስክስታ ያደርጉታል፤ እስክስታ ውብ ነው፣ ነገር ግን የራሱ ቦታ አለው። ጠቅላላው ከዐሥራ አምስት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል።

ትርኢቱ ሲያልቅ ተመልካቹን «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አትበሉት፤ «ምን አያችሁ?» በሉ። ሱዳናዊው ጎረቤት ያላሰባችሁትን ነገር አይቶ ከሆነ ለሚቀጥለው ልምምድ ያዙት። ጽሑፍ ስለሌለ አንድ አባል ቅደም ተከተሉን በአንድ ወረቀት ይያዝ፤ «ሙቀጫ፣ ጀበና፣ አንገት፣ መኪና» ብሎ መመዝገብ ይበቃል። የባለ ትዝታው ስም በወረቀቱ ላይ አይጻፍ።